ቆሞ እግር መጎተት ማሟሟቅ አይደለም

ጎንደር ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈር ኳስ ሊያይ የወጣ ሰው ይህን ሳያይ አይመለስም። ልጆቹ ታኬታቸውን ያስሩና ክብ ይሠራሉ። ካፒቴኑ መሐል ይገባና ‹‹ቀኝ እግር!›› ይላል። ሁሉም በአንድ እግሩ ይቆምና ሌላውን ከኋላው ወደ መቀመጫው ይስባል። ሚዛኑን መጠበቅ ያቃተው የጓደኛውን ትከሻ ይይዛል። ቆጠራው ይቀጥላል፤ አስር፣ ሃያ፣ ሰላሳ። ከዚያ ‹‹ግራ!››። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የእግር ጣትን መንካት፣ ከዚያ ብሽሽት፣ ከዚያ ባት። ሩብ ሰዓት በዚህ ያልቃል። ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ገና ላብ ያልነካቸው ልጆች ባላቸው ፍጥነት ሁሉ ኳስ ማሳደድ ይጀምራሉ።

አስር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ የመስመር ተጨዋች ታፋውን ከኋላ ይዞ ይቀመጣል። ‹‹ሳያሟሙቅ ገብቶ ነው›› ይላል አንዱ ተመልካች። ሌላው ‹‹ኧረ አሟሙቋል! ስትሬቺንግ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ›› ብሎ ይከራከራል። የሚገርመው ሁለቱም ልክ ናቸው። ልጁ ስትሬቺንግ ሠርቷል፤ ግን አላሟሟቀም።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። በእኛ ሜዳ ‹‹ማሟሟቅ››፣ ‹‹ማፍታታት›› እና ‹‹ስትሬቺንግ›› እንደ አንድ ነገር ይወሰዳሉ። ማሟሟቅ ግን ስሙ እንደሚነግረን የሙቀት ጉዳይ ነው። ልብ ፈጥኖ ሲመታ፣ ደም ወደ እግር ጡንቻ በብዛት ሲፈስና የጡንቻው ሙቀት ከፍ ሲል ነው ሰውነት ሞቀ የሚባለው። ስትሬቺንግ ጡንቻን መሳብ ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከላይ እንዳየነው እግርን እስኪወጠር ስቦ፣ ሳይንቀሳቀሱ ይዞ መቆየት ነው፤ ባለሙያዎቹ ‹‹ስታቲክ›› ይሉታል። ሁለተኛው እየተራመዱ፣ ጉልበት እያነሱ፣ እግር እያወዛወዙ ጡንቻውን በእንቅስቃሴ መዘርጋት ነው፤ ይሄኛው ‹‹ዳይናሚክ›› ይባላል። የዛሬው ጠቤ ከመጀመሪያው ጋር ነው፤ ያውም ሁልጊዜ ሳይሆን ልክ ከጨዋታ በፊት ሲሠራ።

ለምን? ጎንደር የአዝማሪ አገር ናትና በመሰንቆ ላስረዳ። የመሰንቆ ጭራ ካልከረረ ድምፅ አይወጣውም። አዝማሪው ጨዋታ ሊጀምር ሲል መቃኛውን አዙሮ ጭራውን ያከረዋል እንጂ አያላላውም። የእግር ጡንቻና ጅማትም ለፈጣን ሥራ የተወሰነ መክረር ያስፈልጋቸዋል። ተጨዋች በጭንቅላት ኳስ ሊመታ ሲዘልል ወይም ከቆመበት ተስፈንጥሮ ሲሮጥ ጅማቱ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ መልሶ ይወረውረዋል። ላስቲኩ የላላ ከሆነ ጡንቻው መጀመሪያ ልቅነቱን መሰብሰብ አለበት። ጉልበቱ መሬት ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ስታቲክ ስትሬቺንግ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የጡንቻውንና የጅማቱን መክረር ለጊዜው ይቀንሳል።

ለጊዜው ነው ያልኩት። አጭር ስትሬቺንግ ያላላው ጡንቻ ባብዛኛው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። የእኛ ልጆች የሚያላሉት ፊሽካው ሊነፋ ሲል ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ከስትሬቺንግ በኋላ እግራችን ርቆ የሚዘረጋልን ጡንቻው ስለረዘመ ብቻ አይደለም፤ ሕመሙን ስለለመድነውም ጭምር ነው። ‹‹ተፍታታሁ›› የሚለው ስሜት ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት በዓይን አይታይም። ጡንቻ በራሱ አይነሣም፤ ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ በኩል የሚመጣ የነርቭ ትዕዛዝ ይጠብቃል። ትዕዛዙ ጠንካራ ሲሆን ብዙ የጡንቻ ጭረቶች አንድ ላይ ይቀሰቀሳሉ፤ ደካማ ሲሆን ግማሹ ተኝቶ ይቀራል። ለረጅም ጊዜ ተስቦ የቆየ ጡንቻ ላይ ይህ ቅስቀሳ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 የካናዳው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሰዎችን የባት ጡንቻ በድምሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ስበው ጉልበቱን ለኩ። ወዲያው 28 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ከአንድ ሰዓት በኋላም ገና 9 በመቶ ይጎድለው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ለታየው ድካም ትልቁ ምክንያት የነርቩ ትዕዛዝ መቀነስ ነበር፤ እየቆየ ሲሄድ ግን የቀረው ጉድለት የጡንቻው የራሱ ሆነ።

‹‹ግማሽ ሰዓት ማን ይስባል?›› ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ማንም። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ለእኛ የበለጠ የሚጠቅመን። ተመራማሪዎቹ በጊዜው የነበሩትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያሰሉ፣ ከስታቲክ ስትሬቺንግ በኋላ ብቃት በአማካይ 3.7 በመቶ ቀንሶ ሲገኝ በእንቅስቃሴ ከተደረገው በኋላ ግን 1.3 በመቶ ጨምሯል። አንድን ጡንቻ 60 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሳቡት 4.6 በመቶ ሲያጡ ከ60 ሰከንድ በታች የሳቡት ያጡት 1.1 በመቶ ነው።

1 በመቶ ምን አላት የሚል አይጠፋም። ለምሳሌ ያህል በሩጫ ብንመነዝራት፣ በ30 ሜትር ላይ 1 በመቶ 30 ሳንቲ ሜትር ናት። ኳስ የሚያይ ሰው 30 ሳንቲ ሜትር ምን እንደሆነች ያውቃል። አጥቂው ‹‹ገባ!›› ሲባል ተከላካዩ ጫፏን ነክቶ ወደ ማዕዘን የሚያወጣባት ርቀት ናት።

ፍርዱ እንዳይዛባ ደግሞ የሌላውን ወገንም ልናገር። እነዚህ ልኬቶች ባብዛኛው የተወሰዱት ስትሬቺንጉ ባለቀ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። አንድ ተጨዋች አንዱን ጡንቻ ለ15 እና ለ20 ሰከንድ ስቦ፣ ከዚያ ሮጦ፣ ዘልሎ፣ ኳስ ተቀባብሎ ከገባ ጉዳቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ስትሬቺንግ መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። እኛ ጋ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ስትሬቺንጉ ማሟሟቁን በልቶታል። ልጁ ሩጫውን ትቶ መሳቡን ብቻ ይዞ ነው የሚገባው፤ ያውም በመጨረሻው ሰዓት።

‹‹ቢሆንም ከጉዳት ይከላከላል›› የሚለው ደግሞ ከአሰልጣኝ እስከ ደጋፊ ሁሉም የሚምልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 1,538 ምልምል ወታደሮችን ለሁለት ከፈለ። ሁሉም አሟሙቀዋል፤ ግማሾቹ ግን በዚያ ላይ ስድስት የእግር ጡንቻዎችን እያንዳንዳቸውን ለ20 ሰከንድ ስበዋል። 12 ሳምንት ሠልጥነው ሲታዩ በሳቡትና ባልሳቡት መካከል በጉዳት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በርግጥ ከላይ የጠቀስኩት የ2016 ግምገማ ፍጥነት በሚበዛበት ስፖርት የጡንቻ መሰንጠቅን ትንሽ ሊቀንስ እንደሚችል ፍንጭ ሰጥቷል። ፍንጩን አልክድም። በፍንጭ ብቻ ግን ሩብ ሰዓት አይበላም።

ታዲያ ይሄ ልማድ ከየት መጣ? ከፊሉ ከትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ነው። ከፊሉ ግን፣ እኔ እንደምገምተው፣ ከቴሌቪዥን ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ተሰብስበን የእንግሊዝን ኳስ ስናይ ካሜራው የሚያሳየን መጨረሻዋን ነው። ተጨዋቹ ከመልበሻ ክፍል ወጥቶ፣ መስመሩ ላይ ቆሞ፣ እግሩን አንዴ ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ይለቃል። አምስት ሰከንድ አትሞላም። ከዚያ በፊት ሜዳው ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሮጥ፣ ሲዘልል፣ ኳስ ሲቀባበል የነበረውን እኛ አላየንም፤ በዚያን ሰዓት ስቱዲዮ ውስጥ ተንታኞቹ ናቸው የሚያወሩት። እኛም የአምስት ሰከንዷን ነገር ወስደን ሩብ ሰዓት አደረግናት። የጎንደር ልጅ የራሱን ክለብ ማሟሟቅ እንኳ እንደ ልቡ አያይም። ፋሲል ከነማ በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ባነሣበት በ2013 ዓ.ም. ውድድሩ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነበር የተካሄደው። አፄዎቹ ሻምፒዮን ሲሆኑ ፋሲለደስ ስታዲየም ቆሞ ‹‹እንዴት ነው የሚያሟሙቁት?›› ብሎ ያየ ታዳጊ አልነበረም ማለት ነው።

ወደ ብርዱ ልመለስ፤ ለእኛ ሰው ዋናው ነገር እሱ ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ላይ ናት። ወደ ሰሜን ዳባትን አልፎ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ደባርቅ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ እዚያ ጠዋት ውርጭ ነው፤ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው የሚወጣው። ልጁ ግን በስስ ማሊያና በቁምጣ እርጥብ ሣር ላይ ቁጭ ብሎ ጣቱን ይነካል። የጡንቻ ሙቀት አንድ ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር ፈጣን ጉልበት በጥቂት በመቶ እንደሚጨምር ከተለካ ቆይቷል። እኛ ጡንቻው መሞቅ ባለበት ሰዓት ቁጭ አድርገን እናቀዘቅዘዋለን። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ የሚጫወት ቡድን ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሰዓታት ሙሉ ጉልበቱን አጥፎ የተቀመጠ ልጅ፣ ከመኪና ወርዶ እግሩን ስቦ፣ ወዲያው ጨዋታ ይገባል።

አባቶቻችን ፈረስ ላይ የማያደርጉትን ነው እኛ ሰው ላይ የምናደርገው። ጉግስ የሚጫወት ፈረሰኛ ፈረሱን ከጋጣ አውጥቶ በቀጥታ አያስጋልብም። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ ላቡ ጠብ ሲል ነው ሽምጥ የሚለቀው። ‹‹ሶምሶማ ሩጫ›› የምንለው ቃል ራሱ ከፈረስ ነው የመጣው። የፈረስ እግር ስቦ ይዞ ሰላሳ የሚቆጥር ባላገር እስካሁን አላየሁም። ሯጮቻችንም ቢሆኑ እንጦጦና ሰንዳፋ የሚያደርጉት የፈረሰኛውን ነው። መጀመሪያ ረጋ ያለ ሶምሶማ፣ ከዚያ ተሰልፈው እየሄዱ እጅና እግራቸውን በምት ያንቀሳቅሳሉ፤ ከሩቅ ለሚያያቸው እስክስታ ይመስላል። ዓለም የሚያጠናውን ማሟሟቅ ደጃችን ላይ አስቀምጠን ኳስ ሜዳ ላይ ቆመን እንቆጥራለን።

ተቀያሪዎቹስ? ይሄ ሁሌ ያበሽቀኛል። በእረፍት ሰዓት ብቻ የጡንቻ ሙቀት ምን ያህል እንደሚወርድ ዴንማርኮች እ.ኤ.አ. በ2004 ለክተውታል። ቁጭ ብለው ያረፉት ተጨዋቾች የታፋ ሙቀት 2 ዲግሪ ያህል ወርዶ የሁለተኛው አጋማሽ ፍጥነታቸው 2.4 በመቶ ቀነሰ። ከእረፍቱ 7 ደቂቃ ወስደው መለስተኛ ሩጫ የሮጡት ግን ፍጥነታቸው አልተነካም። ይሄ እንግዲህ 45 ደቂቃ ሲሮጥ የቆየ ሰው ላይ የታየ ነው። የእኛ ተጠባባቂ አንድ ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተኮራምቶ ቆይቶ፣ አሰልጣኙ ሲጠራው መስመሩ ዳር ቆሞ ሁለቴ እግሩን ይስብና ማሊያውን ወደ ቁምጣው ከትቶ ይገባል። በ75ኛው ደቂቃ የገባ ልጅ በ80ኛው ተሸክመውት ሲወጣ ደጋፊው ‹‹ዕድሉ ነው›› ይላል። ዕድል አይደለም፤ ብርድ ነው።

መፍትሔው ውድ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ግን ነፃ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2006 በሕክምና ማዕከሉ አማካይነት ‹‹11 ፕላስ›› የተባለ የማሟሟቂያ ፕሮግራም አዘጋጅቷል። 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፤ ሲለመድ 20 ደቂቃ ይፈጃል። 8 ደቂቃ ቀለል ያለ ሩጫ ከእንቅስቃሴ ጋር፣ 10 ደቂቃ የጉልበት፣ የሚዛንና የዝላይ ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። ስታቲክ ስትሬቺንግ የለበትም። ኳስና ጥቂት ምልክት ማድረጊያ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ምልክቱ ከጠፋ ድንጋይም ይሆናል፣ ድንጋይ ደግሞ አገራችን አያጣም። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1,892 ሴት ተጨዋቾች ላይ ተሞክሮ፣ ውጤቱ በ2008 ሲታተም በፕሮግራሙ ያሟሟቁት ቡድኖች ጉዳት ከሌሎቹ በሦስተኛ ያህል ያነሰ ነበር።

ከ15ቱ አንዷን ለብቻዋ ላንሣት። ሁለት ልጅ ነው የሚፈልገው። አንዱ በጉልበቱ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ከኋላ ሆኖ ቁርጭምጭሚቱን ወደ መሬት ተጭኖ ይይዝለታል። የተንበረከከው ወገቡን ሳያጥፍ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወድቃል፤ መቋቋም ሲያቅተው በእጁ መሬቱን ይቀበላል። ‹‹ኖርዲክ›› ይሏታል። እዚያው ዴንማርክ 50 ቡድኖች ውስጥ በ942 ተጨዋቾች ላይ ተሞክራ ውጤቷ በ2011 ሲታተም፣ ኖርዲክ በሠሩት ቡድኖች 15 የታፋ የኋላ ጡንቻ ጉዳት ሲደርስ ባልሠሩት 52 ደርሷል። እግር ሲጎተት ከሚያልፈው ጊዜ ጥቂቱ ለዚህች ቢሰጥ ምን አለበት? ለጀማሪ ግን ይጠንቀቅ፤ በማግሥቱ ደረጃ መውረድ እስኪያቅት ታማለች። ስለዚህ በልምምድ ቀን በጥቂቱ ተጀምራ ነው የምትለመደው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በጨዋታ ቀን የሚያሠራ አሰልጣኝ ካለ እሱ ሌላ ጥፋት ነው።

ችግሩ የድሃ አገር ብቻ እንዳልሆነም ልብ በሉ። ፊዚዮቴራፒስትና ማሽን በሞላቸው የአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች እንኳ የታፋ የኋላ ጡንቻ ጉዳት በ2001/02 ከአጠቃላዩ ጉዳት 12 በመቶ የነበረው በ2021/22 ወደ 24 በመቶ አድጓል። ኳሱ ፈጥኗል፣ ጨዋታው በዝቷል። ልዩነቱ እዚያ የተጎዳው ይታከማል። እኛ ጋስ?

የራሴን ልናገር። አስራ አንደኛ ክፍል እያለሁ ለክፍላችን ስጫወት የቀኝ ታፋዬ ከኋላ ‹‹ጧ!›› ሲል ለራሴ ተሰማኝ። ከጨዋታው በፊት ከሁሉም በላይ ረጅም ሰዓት ስትሬቺንግ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ዘመዶቼ በዚያው ቀን ወጌሻ ጋ ወሰዱኝ፤ በቅቤ ሲያሹኝ አመሸሁ። ወጌሻ የተወለቀ ክንድ ሲመልስ አይቻለሁና ሙያውን አልንቅም። ግን ገና በመድማት ላይ ያለ የተሰነጠቀ ጡንቻ በዚያው ቀን ሲታሽ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ሦስት ወር አነከስኩ። ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳ የተመለስኩት በማስታወሻ ደብተርና በእስክሪብቶ ነው። እኔስ መቼም ትልቅ ተጨዋች አልሆንም ነበር። ከእኔ የተሻሉ ሁለት ልጆች ግን በዚሁ ምክንያት ሲቀሩ አይቻለሁ።

የሚያናድደው ይህ ሁሉ የሚሆነው ፊዚዮቴራፒ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ባላት ከተማ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረ አንጋፋ ተቋም ነው፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችንም ያሠለጥናል። ተማሪዎቹ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ሰፈር ሜዳዎች ቢወጡ፣ የታዳጊ ቡድን አሰልጣኞችን ሰብስበው አንድ ከሰዓት ‹‹11 ፕላስ››ን ቢያሳዩ በጀት አይጠይቅም። የከተማው እግር ኳስ ፌዴሬሽንም ውድድር ሲያዘጋጅ ለእያንዳንዱ ቡድን ከጨዋታ በፊት 20 ደቂቃ የመሮጫ ቦታ ቢመድብ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሜዳ ላይ በጠዋቱ አራት ጨዋታ ሲደረደር ልጆቹ ቆመው እግር የሚጎትቱት አንዳንዴ የሚሮጡበት ቦታ ስለሌላቸው ጭምር መሆኑን አውቃለሁ። ከጎሉ ጀርባ ያለች አስር ሜትር ቦታ ግን ለሶምሶማና ጉልበት ለማንሣት ትበቃለች።

ለተጠባባቂዎቹ ደግሞ ቱታ ይልበሱ፤ ቱታ ከሌለ ጋቢም ቢሆን። በየአስር ደቂቃው ሁለት ሁለት እየሆኑ በመስመሩ ዳር ይሩጡ። ሊገባ የተጠራ ልጅ ሁለት ሦስቴ በሙሉ ፍጥነት ሳይሮጥ አሰልጣኙ ቁጥሩን ለአራተኛው ዳኛ አይስጥ።

እግር መጎተት የሚወድ ካለ ደግሞ አልከለክለውም። ጨዋታው ካለቀ በኋላ፣ ወይም ማታ ቤቱ ሲገባ፣ ወይም ልምምድ በሌለበት ቀን እንደ ልቡ ይጎትት። ለሳምንታት ሳያቋርጥ ከሠራው እግሩ በእርግጥም የበለጠ ይዘረጋለታል፤ በተለይ በረኛ ከሆነ ይጠቅመዋል። ያኔ ሰላሳም ይቁጠር፣ ስልሳም ይቁጠር፤ የሚጠብቀው ፊሽካ የለም።